በእንስራው ፊት የተቀመጥኩበት ቀን

ልጅ የታመመበት ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ገና የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ መድኃኒት ያዛል። ይኼ የአገራችን ጠባይ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰዓት ቢቆም ለሰዓት ሠሪ ይሰጣል፤ የወፍጮ ሞተር ቢበላሽ መካኒክ ካዲስ አበባ ይጠራል። ሕፃን ሲያስታውክ ግን ባለሙያ መጥራት ምን ያደርጋል? ሁላችንም አለን። አንደኛዋ "ጥርስ ሊያበቅል ነው" ትላለች። ሁለተኛዋ "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት" ትላለች። ሦስተኛው "የሰው ዓይን ነው፤ ትናንት እዚህ ቤት ማን መጥቶ ነበር?" ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ትናንት የመጣው ሰውዬም ቀስ ብሎ ወደ በሩ ጠጋ ይላል። ልጁ በዚህ ሁሉ መሃል ማስታወኩን ይቀጥላል።

እኔ ግን ከነዚህ ሰዎች አንዱ አልነበርኩም። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሰበታ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያውም ክራቫት የማስር አስተማሪ። ያን ጊዜ በከተማዋ ክራቫት የምናስር ሰዎች በጣት የምንቆጠር ስለነበርን፣ አንገቱ ላይ ያንን ነገር ያንጠለጠለ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመን ነበር። የመሬት ክርክር ያለበት እኔ ዘንድ ይመጣል። ማመልከቻ የሚያጽፍ ይመጣል። ዶሮዋ እንቁላል መጣል ያቆመችባት ሴት ሳትቀር መጥታ ጠይቃኛለች፤ መልስ ሰጥቻታለሁ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። "አላውቅም" አለማለቴን ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱም በዚያን ዘመን ይህን ቃል ተናግሬው አላውቅም።

በዚያ ላይ ጤና አጠባበቅ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ ዝንብ እሥላለሁ። ዝንቧ ከአጠገቧ ከምሥለው ልጅ ራስ ትበልጥ ስለነበር ተማሪዎቼ በሽታ የሚባለው ነገር ክንፍ አውጥቶ የሚመጣ አውሬ ይመስላቸው ነበር። እጅ መታጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ውሃ አፍልቶ መጠጣት፣ ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ውሃ ይፈላ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን ጥያቄውን ብናልፈው ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሆነው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ሰፈራችን ውሃ ወደሚቀዳበት ምንጭ ያወረደበት ሳምንት ነበር። ቅዳሜ ጧት ሰናይት፣ ዓመት ከአንድ ወር የሆናት የመጀመሪያ ልጃችን፣ የጠባችውን ወተት አወጣችው። ቀጥሎ የጠጣችውን ውሃ። ቀጥሎ ሆዷም ተለቀቀ። ባለቤቴ ወይንሸት በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው ጨርቅ ይዛ ስትራወጥ ጎረቤት ሰማ፤ ጎረቤት ከሰማ ደግሞ ጠያቂው ቤት ሞላ ማለት ነው።

ቀድመው የደረሱት አዴ ጫልቱ ናቸው። አዴ ጫልቱ ከአጥራችን ጀርባ የሚኖሩ ትልቅ ሴት ሲሆኑ የሰፈሩን ሕፃናት እንጥል የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ። የሚቆርጡበትን የፈረስ ጭራ ቋጠሮ በእራፊ ጨርቅ ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ይዘውታል። ልጅቷን አዩና "እንጥሏ ነው" ብለው እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሲሰዱ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

"አዴ ጫልቱ! ይህ ነገር በእኔ ቤት አይፈታም!"

ድምፄ ክፍል ውስጥ ከምጮኸው በላይ ወጣ። አዴ ጫልቱ አልተቆጡም፤ "እሺ ልጄ" አሉና እጃቸውን መልሰው ከወይንሸት አጠገብ ተቀመጡ። እኔም ኮራሁ። እንጥል ማስቆረጥ የስንት ሕፃን ደም እንዳፈሰሰ አውቅ ነበርና ኮራሁ፣ በዚህስ ዛሬም አላፍርም። ነገር ግን ሰው አንድ ትክክለኛ ነገር ከሠራ በኋላ ቀጥሎም የሚሠራው ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ኩራት ላይ ነው።

ኋላ ቀሩን ነገር ከቤቴ ካባረርኩ ዘመናዊውን ማምጣት ነበረብኝ፤ ጠያቂውም ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። አሰብኩ። የምትውጠው ሁሉ እየተመለሰ ነው፤ ስለዚህ ምንም ካልዋጠች የሚመለስ ነገር አይኖርም። ቀላል የመቀነስ ሂሳብ። "ሆዷ ማረፍ አለበት" ብዬ አወጅኩ። "ውሃ የሚባል ነገር አትቅመስ። ጡትም ፈሳሽ ነው፣ ይቁም።"

ይህን ከየት አመጣሁት? ከመጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። ኋላ ሳስበው ለካ እናቴ ስትለው የሰማሁት ነው፤ የእናቴም እናት ትለው ነበር፤ እዚያ ቤት ተሰብስበው ከነበሩት ሴቶች ግማሾቹም ሊሉት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ያደረግኩለት ነገር ቢኖር ክራቫት ማሰር ብቻ ነው።

ወይንሸት ለልጇ አዝና እንዳታታልለኝ ብዬ ወንበሬን አነሳሁና ጥጉ ጋ፣ ልክ እንስራው ፊት ለፊት አድርጌ ተቀመጥኩ። አዎ፤ ውሃ ስጠብቅ ዋልኩ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ምክንያቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳለሁ። የመጣው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ከሁሉም በላይ ያዳመጡኝ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። ኦቦ ቶሎሳ በወፍጮ ቤት የሚሠሩ፣ ቅንድባቸው ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ፣ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰሙኝና እንደ ጎበዝ ተማሪ ጠየቁኝ።

"ስንት ቀን ነው የሚከለከለው፣ መምህር?"

"እስኪያቆም ድረስ" አልኳቸው።

"ጡትም?"

"ጡትም።"

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለብዙ ዓመት ለሰው ተናግሬው አላውቅም። በዚያን ቀን የእኔም ሆድ ደህና አልነበረም። ከዚያው ምንጭ ነዋ የጠጣነው። ከረፋዱ ጀምሮ ሆዴን ቆርጦኝ በየጊዜው ወደ ጓሮ እወጣ ነበር፤ ተመልሼ ስቀመጥም ጉሮሮዬ ይደርቃል። ውሃ ሲያምረኝ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ዞር ብዬ ከእንስራው በጣሳ ቀዳሁና ጠጣሁ። ልጄ እያየችኝ። ዓይኖቿ ጣሳውን ተከትለው ወደ አፌ ወጡ፣ ከጣሳው ጋር ተመልሰው ወረዱ። እኔም አፌን ጠርጌ ጥበቃዬን ቀጠልኩ።

ወደ ማታ ገደማ ሰናይት ማስታወኳን አቆመች። "ይኸው!" አልኩ፣ ለቀሩት ጠያቂዎች። የሚወጣ ነገር ስላልቀራት መሆኑን ያላወቅኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልቅሶዋም ቀንሶ ነበር፤ ይህንንም መሻል ብዬ ቆጠርኩት። ወይንሸት ጨርቅ ስታጥብ የረጠበው የነጠላዋ ጫፍ ልጅቷ አፍ አጠገብ ወደቀና ሰናይት በድዷ ይዛው መምጠጥ ጀመረች። አየኋት። ተነሳሁ፤ ከአፏም መነጨቅኩት።

"ይቺ ልጅ ጠምቷታል" አሉ አዴ ጫልቱ።

"አዴ፣ ይህ የእርስዎ ሙያ አይደለም" አልኳቸው።

እሑድ ጧት ስነሳ ወይንሸት ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች፤ አዴ ጫልቱ ከጎኗ ናቸው። "የት ነው?" ብላት አልመለሰችልኝም። ከተጋባን ጀምሮ ጠይቄያት ሳትመልስልኝ የቀረችው ያን ቀን ነው። ወጣች፤ ተከተልኩ። ጭቃ ላይ እየተንሸራተትኩ ስከተል የሰናይትን ፊት ከእናቷ ትከሻ በላይ አየሁት። ዓይኖቿ ጉድጓድ ገብተዋል። ፊቷ የአሮጊት ፊት ሆኗል።

ጤና ጣቢያው ዝግ ነበር፤ የጣቢያው አካሚ ድሬሰሩ ግን እዚያው ግቢ ስለሚኖር እጁን እየታጠበ ወጣ። ከእኔ የሚያንስ ወጣት ነው፤ ክራቫትም አላሰረም። ልጅቷን አስተኝቶ ርግብግቢቷን ዳሰሰ። የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ። እንደ ታጠፈ ጨርቅ ቆሞ ቀረ እላችኋለሁ! የሰው ልጅ ቆዳ እንዲህ እንደሚሆን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

"ከትናንት ጀምሮ ምን ያህል ጠጣች?" አለ።

ተማሪው የሚያውቀው ጥያቄ ሲመጣለት እንደሚያደርገው ፈጠን ብዬ፣ "ምንም!" አልኩ። "አንዲት ጠብታ አላስቀመስናትም።"

ድሬሰሩ ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ከለከላት?"

አሁንም አልገባኝም ነበር። ፈገግታዬ ከፊቴ አልወረደም። "እኔ" አልኩ። እሱ ልጅቷን ለእናቷ አቀበለና "ጡት ስጫት፣ አሁኑኑ" አላት። ያን ጊዜ ፈገግታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ቀጥሎ ደግሞ ምን እንዳልኩ ስሙ። "መርፌ ትወጋልኝ" አልኩ። እኛ አገር መርፌ ያልወጋ ሐኪም ሐኪም አይባልም፤ መርፌው ትልቅ በሆነ ቁጥር ሐኪሙም ትልቅ ነው። ድሬሰሩ ግን ጎንበስ ብሎ ከሰል ላይ የጣደውን ማንቆርቆሪያ አወረደ። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አምጥቶ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሞላበት። በሻይ ማንኪያ ልክ በልኩ እያደረገ ስድስት ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው ጨመረና በጠበጠው። ከዚያም በማንኪያ ጫፍ ቀድቶ ወደ ሰናይት አፍ ወሰደው። ውሃ! አንድ ቀን ሙሉ ወንበር አስቀምጬ የጠበቅኩትን ውሃ!

ሰናይት ዋጠችው። ትንሽ ቆይታ መለሰችው።

"አላልኩም?" ያልኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ ያኔም ብያለሁ።

"ስታስመልስ አሥር ደቂቃ ያህል እንጠብቅና ቀስ ብለን እንጀምራለን" አለ ድሬሰሩ፣ ሳይቆጣ። "በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። አንድ ጣሳ ባንዴ ከሰጧት ይመለሳል፤ ማንኪያ ማንኪያውን ግን ሆዷ ይይዘዋል። የሚገድላት ማስታወኩ አይደለም፤ ድርቀቱ ነው።"

እንዲህ ሆነን ዋልን፤ ወይንሸት ማንኪያዋን፣ እኔ ሰዓቴን ይዘን። መልሶ ማስታወክ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ጠበቅን፣ እንደገና ጀመርን። ከቀትር በኋላ ሰናይት የእናቷ ቀሚስ ላይ ሸናች። ወይንሸት እልል አለች። ቀሚሷ በመርጠቡ እልል ያለች ሴት አይቼ አላውቅም ነበር፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ድሬሰሩ ልጅቷን እንደገና ሲያያት፣ "እውነቱን ልንገርዎት?" አለኝ። "ከትናንት ጧት ጀምሮ በእርግጥ ምንም ሳትቀምስ ቢሆን ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር። አንድ ሰው ሰጥቷታል።"

ወይንሸትን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። አዴ ጫልቱን አየኋቸው። እሳቸውም መሬቱን እየመረመሩ ነው።

"ወደ ጓሮ በወጣህ ቁጥር ነው ያጠባኋት" አለች ወይንሸት በመጨረሻ። "አዴ በሩ ላይ ሆነው መመለስህን ያዩልኝ ነበር።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ልጄን ያተረፋት የእኔ እውቀት አይደለም፤ የእኔ ተቅማጥ ነው። ሆዴ ደህና ውሎ ቢሆን ኖሮ ከወንበሩ አልነሳም ነበር።

አዴ ጫልቱ ራት ሊያመጡልን ወደ ቤት ሄደው ሲመለሱ ጀንበሯ ገና አልጠለቀችም። ሰሃኑን አስቀመጡና ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "የቶሎሳ ልጅም ከትናንት ማታ ጀምሮ ያስታውካል አሉ" አሉኝ። "አሁን በመንገድ ነው የሰማሁት። አባቱ አንተ ያልከውን እያደረገ ነው።"

ከጤና ጣቢያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ጠርሙሱንና ማንኪያውን ከድሬሰሩ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ፣ ያንን ጭቃ፣ ተማሪዎቼ በየአጥሩ ሥር እያዩኝ፣ ክራቫቴ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ።

የኦቦ ቶሎሳ ቤት በሩ ክፍት ነው። ገባሁ። ኦቦ ቶሎሳ በርጩማ ላይ፣ እንስራው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ግማሽ ድረስ ተነሱና በኩራት፣ "ጠብ አላደረግንለትም፣ መምህር" አሉ። "ጡትም አላስነካሁም። ከዚህ አልተነሳሁም።"

ሆዳቸው ጤነኛ ነበር። አልተነሱም።

ገመቹ፣ የሁለት ዓመት ልጃቸው፣ እናቱ ጭን ላይ ተጋድሟል። "እስከ ቀትር ድረስ 'ቢሻን፣ ቢሻን' እያለ ውሃ ሲለምነን ነበር" አለችኝ እናቱ። "አሁን መጠየቁን ትቷል።" ይህን የነገረችኝ እንደ ደህና ዜና ነው።

ያኔም ግን ክብሬ አልለቀቀኝም፤ የሰው ነገር ይገርማል። "ኦቦ ቶሎሳ፣ አዲስ ዘዴ መጥቷል" አልኩ ጠርሙሱን እያሳየሁ። "አሁን የሚሰጠው ይህ ነው።"

ኦቦ ቶሎሳ ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ። "የትናንቱስ?"

"የትናንቱ... ተሻሽሏል።"

"ነገ ደግሞ ቢሻሻልስ?" አሉ። "ልጅ አንድ ነው፣ መምህር። እኔ በያዝኩት እቆያለሁ።" ብለውም በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

እንደ ጥሩ ተማሪ ተምረውልኝ ነበር፤ አሁን የሚነቀንቃቸው ጠፋ። ስለ ድርቀት ነገርኳቸው፣ አልሰሙኝም። ስለ ድሬሰሩ ነገርኳቸው፣ "እሱ ልጅ ነው" አሉኝ። ገመቹ እዚያ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ተኝቷል፤ በእሱና በውሃው መካከል የተቀመጠው ደግሞ የእኔ ቃል ነው። በመጨረሻ መሬቱ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና በሕይወቴ ብዬው የማላውቀውን አልኩ።

"አላውቅም ነበር፣ ኦቦ ቶሎሳ። ሳላውቅ ነው የነገርኩዎት። ልጄን ልገድላት ነበር። ተሳስቻለሁ።"

ኦቦ ቶሎሳ ተነስተው በርጩማውን ከእንስራው ፊት አነሱት።

የመጀመሪያውን ማንኪያ መለሰው። ጠበቅን። ሁለተኛውን ያዘው። ሦስተኛውን ያዘው። እናቱ ጡቷን ሰጠችው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ገመቹ ዓይኑን ገለጠና በደረቀ ድምፅ፣ "ቢሻን" አለ። በማግስቱ ድሬሰሩ ዘንድ ወሰድነው፤ እሱም ከሰናይት አጠገብ ተኝቶ በማንኪያ ዳነ።

አዴ ጫልቱ እንጥል መቁረጣቸውን አልተዉም። ክፉ ነገር መሆኑን አሁንም እነግራቸዋለሁ፤ ስነግራቸው ግን ድምፄ እንደ ድሮው አይወጣም። ወይንሸትም ብትሆን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳዛት መጀመሪያ ፊቴን ታያለች፤ የምታየው ለመታዘዝ ይሁን ለመፍረድ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ትምህርት ሲከፈት ምዝገባ ላይ ተቀምጬ ሳለ ኦቦ ቶሎሳ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት እንዳለ፣ አንድ ቀጭን ጎበዝ ልጅ በእጃቸው ይዘው ገቡ። የተሰለፈው ወላጅ ሁሉ እየሰማ፣ "ገመቹ፣ የምልህ መምህር እሳቸው ናቸው" አሉት። "ከሞት ያወጡህ እሳቸው ናቸው። ጉልበት ሳም።"

"ኦቦ ቶሎሳ፣ እባክዎ" አልኩ። "እርስዎ እኮ እውነቱን ያውቁታል። ያንን ልጅ ልገድለው የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ሰልፉ ዞረው ሳቁ። "ይኸው! እንዲህ ናቸው እንግዲህ፤ ትሕትናቸው አይጣል ነው።"

ወላጆቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ገመቹ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ምን ላድርግ? መዝገቡን ገለጥኩና ስሙን ጻፍኩ።